መሪነት ከምረቃ በፊት፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ እጩ መምህራን በተማሪ የሙያ ማኅበራት ያላቸው ዕድል

በባሕር ዳር ከተማ ባጃጅ የሚያሽከረክር ወጣት «ፔዳ» ያለውን ተሳፋሪ የት እንደሚያደርሰው አይጠይቅም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በነዋሪው ዘንድ የሚጠራበት ይህ አጭር ስም «ፔዳጎጂ» ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሦስትዮሽ ስምምነት የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ዓላማው ክፍል ገብተው የሚያስተምሩ ሰዎችን ማውጣት ብቻ አልነበረም። ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት አሠልጣኞችን፣ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘሮችን፣ ለገጠሩ ሕዝብ ደግሞ የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት ባለሙያዎችን እንዲያፈራ ታስቦ ነበር። ተቋሙ በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ፣ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም የግቢው ስም አልተለወጠም። ከስሙ ጀርባ ያለው እሳቤ መምህር በተመደበበት ቦታ ሁሉ የአካባቢው መሪ ጭምር ነው የሚል ነበር።

ያ እሳቤ በወረቀት ላይ ዛሬም አልተሻረም። የመምህራን የሙያ ዕድገት መሰላል ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መሪ መምህር እስከሚባለው ደረጃና ከዚያም በላይ ይዘልቃል፤ ርእሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮችም የሚመለመሉት ከመምህራን መካከል ነው። ይሁን እንጂ አንድ እጩ መምህር ከመመረቁ በፊት ሰው ሰብስቦ ማወያየትን፣ በአደራ የተቀበለውን ገንዘብ ማወራረድን፣ የማይስማሙ ሰዎችን ማቀራረብንና ኃላፊነትን አስረክቦ መውረድን የት ይለማመዳል የሚለው ጥያቄ በቂ ምላሽ አላገኘም። በዚህ ጽሑፍ አመለካከት፣ በአግባቡ የተያዘ የእጩ መምህራን የሙያ ማኅበር ለዚህ ልምምድ የተሻለው ስፍራ ነው። ዛሬ በሚታየው ሁኔታ ግን የማኅበርና የክበብ ተሳትፎ በእጩ መምህሩም ሆነ በተቋሙ ዘንድ ከትርፍ ጊዜ ሥራነት እምብዛም አልፎ አይታይም።

ነገሩን ከመጨረሻው እንጀምረው። አንዲት አዲስ ተመራቂ መምህርት በጣና ሐይቅ ዙሪያ ከሚገኙት የገጠር ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተመደበች እንበል። ቦታው የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ሊሆን ይችላል፤ በጀልባ የሚደረስበት ደቅ ደሴትም ሊሆን ይችላል። የያዘችው የምደባ ደብዳቤ የሚናገረው ስለምታስተምረው የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የክፍል ኃላፊ ትሆናለች። የሥርዓተ ፆታ ወይም የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪነትም «ወጣት ነሽ፣ ትችያለሽ» ተብሎ ይሰጣታል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ ያዥ ትባላለች። ርእሰ መምህሩ ለስብሰባ ወደ ወረዳ በሄደበት ቀን የቢሮው ቁልፍ እርሷ ዘንድ ይቀራል፤ በዚያው ቀን የመማሪያ መጻሕፍት ቢመጡ ንብረት በሞዴል 19 ገቢ እንደሚደረግና በሞዴል 22 ወጪ እንደሚሆን ማወቅ ይጠበቅባታል። ቡና ለቀማ ሲደርስ ወይም አባቱ ዓሣ ለማስገር ሲወጣ አንድ ተማሪ ከክፍል ቢቀር፣ ወላጆቹን ፈልጋ የምታነጋግረው እርሷ ናት። በዕድሜ ከአባቷ የሚበልጡ ሽማግሌ ፊት ቆማ ልጃቸውን መልሰው እንዲልኩ የምታሳምነውም እርሷ ናት።

ይህ ሁሉ የመሪነት ሥራ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ግን ስሙ መሪነት አይባልም፤ «ተደራቢ ሥራ» ነው የሚባለው። ይህቺ መምህርት በዩኒቨርሲቲ ቆይታዋ ስለ ትምህርት አመራርና አስተዳደር ኮርስ ወስዳ፣ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፋ ሊሆን ይችላል። በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ የስብሰባ አጀንዳ ቀርጻ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፋ አስፈርማ የማታውቅ ከሆነ ግን የወላጆቹ ስብሰባ ላይ የሚጠቅማት የኮርሱ ውጤት አይደለም።

ቃለ ጉባኤን በምሳሌነት የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ማኅበር ሥራ ሲወራ ብዙ ሰው ንግግር ማድረግን ያስባል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን አንድ ውሳኔ ዕድሜ የሚያገኘው በቃለ ጉባኤ ነው። ማን ተገኘ፣ ማን በፈቃድ ቀረ፣ ምን ተባለ፣ የተቃወመው ማን ነው፣ በምን የድምፅ ብልጫ ተወሰነ፣ የሚያስፈጽመው ማን ነው፣ እስከ መቼ ነው የሚለው በግልጽ ካልሰፈረ የሚቀጥለው ስብሰባ ያለፈውን እንደ አዲስ ይጀምራል። የተቃዋሚውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ብሎ በሚፈርምበት አኳኋን መጻፍ ከባድ ችሎታ ነው። በሃያ ዓመቱ በተማሪ ማኅበር የተለማመደው ሰው በሠላሳ ዓመቱ ርእሰ መምህር ሲሆን አይቸገርም።

ገንዘብም እንደዚሁ ነው። የተማሪ ማኅበር የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ አነስተኛ ነው፤ የአባላት መዋጮ፣ ከተቋሙ የሚገኝ ድጋፍ፣ ምናልባትም ለአንድ ዝግጅት የተሰበሰበ ጥቂት ብር። ይኸው ማነሱ ለልምምድ ያመቸዋል። ያለ ደረሰኝ አለመቀበልን፣ ያለ ፊርማ አለማውጣትን፣ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ ለምን ሁለት ሰው መሆን እንዳለባቸው፣ ኦዲተር ጓደኛ ቢሆንም ለምን መጠየቅ እንዳለበት በትንሽ ብር የተማረ መምህር፣ ነገ የትምህርት ቤት ድጎማና የውስጥ ገቢ በእጁ ሲገባ ያልለመደው ነገር አይገጥመውም። በየጊዜው በትምህርት ቤቶች ከሚነሡ የሒሳብ ጥያቄዎች መካከል ከተንኮል ይልቅ ካለማወቅ የሚመነጩት ጥቂቶች አይደሉም።

የተማሩት ያስተምራሉ

ተማሪ ሌላውን ተማሪ እያስተማረ መሪ የሚሆንበት ሥርዓት ለጣና ዙሪያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በሐይቁ ደሴቶችና ዳርቻዎች ባሉ ገዳማትና አድባራት የአብነት ትምህርት ሲሰጥ የኖረው የላይኛው ተማሪ የታችኛውን እያስቀጸለ ነው። መምህሩ ሁሉንም ተማሪ በየቀኑ አይደርስም፤ ትምህርቱን የዘለቀው ደቀ መዝሙር ጀማሪዎቹን ይቀበላል፣ ያስጠናል፣ ሥርዓት ያስይዛል። የሚመሰክርለት ወረቀት አልነበረም፤ ደቀ መዝሙሩ ለመምህርነት መብቃቱ የሚታወቀው ግን በዚሁ ሥራው ነበር።

ዘመናዊው ትምህርትም ተመሳሳይ ልምድ አለው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ያገለገሉት በመምህርነት ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ተማሪዎችን በብዛት አሰልፎ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ሁለቱም ግን የተመሩት ከላይ ወደ ታች ነበር። ወጣቱ ተመድቦ ይሄዳል እንጂ ማኅበሩን ራሱ አቋቁሞ፣ መሪውን ራሱ መርጦ፣ ሒሳቡን ራሱ ጠይቆ አይደለም። ብዙ መምህር አፍርተዋል፤ ተመርጦ የመምራትና ተጠያቂ የመሆን ልምድ ግን ከእነርሱ የሚጠበቅ አልነበረም።

ተመርጦ መምራት የታየው በሙያ ማኅበሩ ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በአገራችን ረጅም ዕድሜ ካላቸው የሙያ ማኅበራት አንዱ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን ተቃውመው፣ የደመወዝ ጥያቄም አንሥተው ሥራ ባቆሙ ጊዜ መንግሥት ጥናቱን ተግባራዊ ማድረጉን ለማቆም ተገዶ እንደነበር ይታወሳል። በዚያው ዘመን የተማሪዎች ንቅናቄ የአገሪቱን ፖለቲካ ከለወጡት ኃይሎች አንዱ ሆነ። እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የሚገባ ነገር አለ። «የተማሪዎች ማኅበር» የሚለው ሐረግ ከዚያ ጊዜ ወዲህ በየመንግሥታቱ ዘመን በጥርጣሬ ሲታይ ቆይቷል። አስተዳዳሪው ማኅበር ሲባል ሰልፍ ይታየዋል፤ ወላጅ «ልጄ፣ አንተ ትምህርትህን ብቻ ተማር» ይላል። ጥርጣሬው ከታሪክ የመጣ እንጂ መሠረት የለሽ አይደለም። ይሁንና ዋጋ አስከፍሏል። ስብሰባን የሚፈራ ግቢ፣ ስብሰባ መምራት የማይችል መምህር ያስመርቃል።

ዕድሎቹና ጉድለታቸው

በአሁኑ ጊዜ አንድ እጩ መምህር በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የትምህርትና ሥነ ባሕርይ ሳይንስ ዘርፍም ሆነ በክልሉ ባሉት እንደ ጎንደርና በጌምድር ባሉ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሲገባ የኃላፊነት በሮች ፈጽሞ የተዘጉ አይደሉም። የክፍል ተጠሪነት አለ። የትምህርት ክፍል ተወካይነት አለ። የተማሪዎች ኅብረት አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ሴኔትን ጨምሮ የተማሪ ተወካዮች የሚቀመጡባቸው ጉባኤዎችም አሉ። የንባብ፣ የሥነ ዜጋ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የፀረ ኤድስና የሥርዓተ ፆታ ክበባት አሉ። በየዓመቱ መጀመሪያ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ከመናኸሪያ ጀምሮ የሚቀበሉት ነባር ተማሪዎች ናቸው።

የጎደለው የሙያው ማኅበር ነው። የተማሪዎች ኅብረት የግቢውን ተማሪ ሁሉ የሚወክል በመሆኑ በአብዛኛው የሚታወቀው በካፌና በመኝታ ክፍል ጉዳይ ነው፤ ይህም ተገቢ ሥራው ነው። የእጩ መምህራን ማኅበር ጥያቄ ግን የተለየ ነው። የመስክ ልምምዳችን በቂ ነው ወይ፣ በተመደብንበት ትምህርት ቤት አማካሪ መምህር አለን ወይ፣ ዐይነ ስውር ተማሪ ያለበትን ክፍል እንዴት እናስተምር፣ ስንመረቅ የሚጠብቀን የሙያ ብቃት ምዘና ምን ይመስላል የሚሉትን ጉዳዮች የሕግ ወይም የምሕንድስና ተማሪ አብሮ አያነሣቸውም። በአንድ ሙያ ጥላ ሥር ያሉ ሰዎች ሊሰበሰቡበት የሚገባ አጀንዳ ነው።

ማኅበሩ ለምን አልተለመደም ቢባል አንዱ መልስ የሥልጠናው አደረጃጀት ራሱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተካሄደው የመምህራን ትምህርት ለውጥ ፕራክቲከምን፣ ማለትም በትምህርት ቤት የሚደረገውን የመስክ ልምምድ፣ በሥልጠናው ዓመታት ሁሉ እንዲሰራጭ አድርጎ ነበር። እጩው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ራሱን እንደ መምህር እንዲያይ የታሰበ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሌላ መንገድ ተመረጠ፤ ተማሪው በሒሳብ፣ በፊዚክስ ወይም በሌላ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪውን ይጨርስና ከዚያ በኋላ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይወስዳል። ይህ አካሄድ የትምህርት ይዘት ዕውቀትን ለማጠናከር ታስቦ የተነደፈ ነው፤ ጥቅምም አለው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «እኔ መምህር እሆናለሁ» ሳይል የቆየ ወጣት በመጨረሻዋ አጭር ጊዜ ውስጥ የሙያ ማኅበር መሥርቶ፣ አባላት አሰባስቦ፣ ምርጫ አካሂዶ፣ ሥራ ሠርቶ ሊያስረክብ አይችልም። ማኅበር ጊዜ ይፈልጋል። መሪነት ደግሞ ከሁሉ በላይ መሳሳትንና በሚቀጥለው ዓመት ማረምን ይፈልጋል፤ ለዚያ ቢያንስ ሁለት የትምህርት ዘመን ያስፈልጋል። የጸሐፊው አስተያየት ከተጠየቀ፣ በመምህራን ትምህርት ላይ የሚደረጉ ውይይቶች ስለ ኮርስ ክሬዲት የሚያነሡትን ያህል ስለዚህ የጊዜ ጉዳይ አያነሡም።

ሁለተኛው ጉድለት ርክክብ ነው። በየግቢው የተቋቋሙ ክበባት ብዙዎቹ ከመሥራቾቻቸው ጋር ይመረቃሉ። ሊቀ መንበሩ ሰኔ ላይ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ይነሣል፤ ማኅተሙ በሻንጣው ወደ አገር ቤቱ ይሄዳል፤ ጥቅምት ላይ አዲሶቹ ከዜሮ ይጀምራሉ። ሦስተኛው ደግሞ ምስክር ወረቀት የመሰብሰብ ልማድ ነው። ለሥራ ማመልከቻ እንዲረዳው በአምስት ክበብ ተመዝግቦ በአንዱም የማይገኝ ተማሪ አለ፤ አንድ ስብሰባ ላይ የተገኘን ሁሉ «የላቀ አስተዋጽኦ» ብሎ የሚሸልም ክበብም አለ። እንዲህ ያለው ወረቀት ለማንም አይጠቅምም። አራተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ምርጫ ሲካሄድ ተወዳዳሪው ከየት መጣ የሚለው ምን ሊሠራ አሰበ ከሚለው ቀድሞ የተጠየቀበት ጊዜ እንደነበር አይካድም። የሙያ ማኅበር በዚህ ረገድ አንድ ብልጫ አለው፤ ፊዚክስን ለዘጠነኛ ክፍል እንዴት እናስረዳ የሚለው ጥያቄ የትውልድ ቦታ የለውም።

የሴቶችን ጉዳይ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። በትምህርት ቤቶቻችን ከመምህርነት ወደ ምክትል ርእሰ መምህርነት፣ ከዚያም ወደ ርእሰ መምህርነትና ሱፐርቫይዘርነት ሲወጣ የሴቶች ቁጥር እያነሰ መሄዱ የሚታወቅ ነው። ይህ ልማድ የሚጀምረው ከምረቃ በኋላ አይደለም። በተማሪ ማኅበራት ለሴት እጩ የሚተወው ቦታ ብዙውን ጊዜ የሴቶች ጉዳይ ተጠሪነት ወይም ጸሐፊነት ነው። ሁለቱም የተከበሩ ኃላፊነቶች ናቸው፤ ሊቀ መንበርነትና ገንዘብ ያዥነት ግን ለወንዶች እንደተሰጡ ርስት ሲቆጠሩ ቆይተዋል። አንዲት እጩ መምህርት በግቢ ሳለች ለሊቀ መንበርነት ተወዳድራ ብትሸነፍ እንኳ፣ ተወዳድሮ የመሸነፍን ልምድ ይዛ ትወጣለች፤ ለርእሰ መምህርነት ማስታወቂያ ሲወጣ ፎርም ለመሙላት አትፈራም።

በሌሎች አገሮችም ጉዳዩ ከተነሣ ቆይቷል። በአሜሪካ «የአሜሪካ የወደፊት መምህራን» የተባለው ድርጅት በጆይ ኤልመር ሞርጋን አነሣሽነት የተቋቋመው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1937 ነው። የዛሬው ወራሹ በአገሪቱ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር ሥር የተማሪ ክንፍ ሆኖ የራሱን ሊቀ መንበር ይመርጣል፤ ተማሪው መምህር ሳይሆን አስቀድሞ የማኅበሩ አባል ነው ማለት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ በ1966 ያጸደቁትና በየዓመቱ የሚከበረው የዓለም መምህራን ቀን መነሻ የሆነው የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት ምክረ ሐሳብም የመምህራን ድርጅቶች ለትምህርት ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ሊያደርጉ የሚችሉ ኃይሎች በመሆናቸው በትምህርት ፖሊሲ ዝግጅት መሳተፍ እንደሚገባቸው ይገልጻል። ተሳትፎው በወግ እንዲሆን፣ ተሳታፊው አስቀድሞ የለመደ መሆን አለበት።

አሁን ለምን?

ጉዳዩን ዛሬ ያነሣነው ሁለት ምክንያቶች ስላሉ ነው። የመጀመሪያው የትምህርት ጥራት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። መሻሻሉ በጎ ነው፤ ቁጥሩ ግን አሁንም ከአሥር ተማሪዎች ዘጠኙ ገደማ ግማሹን ነጥብ አለማግኘታቸውን ይናገራል። ፈተናው የሚመዝነው ተማሪውን ቢሆንም ውጤቱ የሚመሰክረው ስለ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በጥሩ አስተማሪ ብቻ አይሻሻልም። መምህራኑን የሚያስተባብር፣ ወላጁን የሚያቀርብ፣ ክፍለ ጊዜ እንዳይባክን የሚቆጣጠር አመራር ይፈልጋል። የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማን የመሰለ ሥልጠና የሚሰጠው ግን በአብዛኛው ሰውየው ኃላፊነቱን ከተቀበለ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በአማራ ክልል ያለው ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ጉዳትም ደርሶባቸዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናትና ወጣቶች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የእጩ መምህራን የመስክ ልምምድም ይኸው ችግር የሚነካው ነው። አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰሌዳና ጠመኔ ይመስላል። ከዚያ በፊት ግን ወላጆችን ሰብስቦ ልጆቻቸውን እንዲልኩ መተማመኛ የሚሰጥ፣ የጠፋውን ሮስተርና ንብረት መዝግቦ የሚያደራጅ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ያለፈበትን ተማሪ ከየት ክፍል እንደሚጀምር ከባልደረቦቹ ጋር የሚመክር ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚመደቡት ብዙዎቹ ዛሬ በፔዳ ግቢና በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በትምህርት ላይ ያሉ ወጣቶች መሆናቸው አይቀርም። ልምድ ያካበቱ መምህራን በሌሉበት ትምህርት ቤት ጀማሪው መምህር በገባበት ቀን ነባር ይሆናል።

ማኅበር ለማቋቋም ለሚያስቡ

ስለዚህ ጉዳይ መረጃ ለሚጠይቁ እጩ መምህራንና ወላጆች የሚከተለውን ማስገንዘብ ይገባል። በማኅበር የመደራጀት መብት በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 ተደንግጓል። በአንድ ተቋም ግቢ ውስጥ ብቻ የሚንቀሳቀስ የተማሪዎች የሙያ ማኅበር ወይም ክበብ ለማቋቋም የሚመለከተው የተቋሙ የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ነው፤ ለዚህ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ መምጣት አያስፈልግም። ማኅበሩ ከግቢ ውጭ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው ከተፈለገ ምዝገባው የሚከናወነው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ሲሆን፣ ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ፤ የበላይ ውሳኔ ሰጪውም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር እንጨምራለን። ለመጀመሪያው ዓመት ምዝገባ ከመሮጥ ይልቅ በግቢ ውስጥ መጀመር ይሻላል፤ ሥራ ሳይኖረው ማኅተም ያለው ማኅበር በርካታ ነውና።

መተዳደሪያ ደንቡ አጭር ቢሆን ይመረጣል። የአባልነት መስፈርቱ፣ የምርጫው ጊዜና ሥርዓት፣ የሥራ አስፈጻሚው የአገልግሎት ዘመን፣ ገንዘብ የሚወጣባቸው ሁለት ፊርማዎችና የኦዲተሩ ተጠሪነት በግልጽ መቀመጥ አለባቸው። ኦዲተሩ ተጠሪ መሆን ያለበት ለሊቀ መንበሩ አይደለም፤ ለጠቅላላ ጉባኤው ነው። ለመጀመሪያ ዓመት የሚበቃ ሥራ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለመስክ ልምምድ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጡ ቡድኖች ያዩትን በየሳምንቱ የሚወያዩበት መድረክ ማዘጋጀት፣ በአቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት፣ ቀድመው የተመረቁና በሐይቁ ዳር ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራንን ጋብዞ የመጀመሪያ ዓመታቸውን እንዲተርኩ ማድረግ ሁሉም ከመዋጮ ያለፈ ወጪ አይጠይቁም።

ወላጆችና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አባላትም ድርሻ አላቸው። እጩ መምህራን ለመስክ ልምምድ ወደ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ሲመጡ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግራችሁ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ በታዛቢነት እንዲቀመጡ ብታደርጉ፣ ከተቻለም ቃለ ጉባኤውን እንዲጽፉ ብትፈቅዱላቸው ትልቅ ትምህርት ታስተምሯቸዋላችሁ። የእናንተን ክርክር ሰምቶ በንጹሕ አማርኛ መጻፍ ለማንኛውም ወጣት ከባድ ፈተና ነው።

ለተቋማት የምናነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምርጫ ወቅት። በሰኔ የሚካሄድ ምርጫ ተሰናባቹንና ተተኪውን ሳያገናኝ ያልፋል። ምርጫው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ፣ በየካቲት ቢካሄድ ነባሩ ሥራ አስፈጻሚ ከአዲሱ ጋር ሦስትና አራት ወር ጎን ለጎን ይሠራል። ሒሳቡ፣ መዝገቡ፣ የቃለ ጉባኤ ፋይሉና ማኅተሙ በዲን ጽሕፈት ቤቱ ተወካይ ፊት በፊርማ ይረከባሉ፤ አንድ ቅጂ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጣል፣ ሌላው ከማኅበሩ ጋር ይቆያል።